የአደባባይ ካሜራና የነዋሪው ገመና

የሕዝብ ደኅንነት የሕዝብ ጉዳይ ነው። ይህ አባባል በየስብሰባው አዳራሽ ተደጋግሞ የሚሰማ በመሆኑ ትርጉሙ ሳይመረመር የሚታለፍበት ጊዜ ይበዛል። ደኅንነት የሕዝብ ጉዳይ ነው ሲባል፣ ሕዝቡ የሚጠበቅ ብቻ ሳይሆን በምን መሣሪያ፣ በማን እጅ፣ ለምን ዓላማና እስከ ምን ወሰን ድረስ እንደሚጠበቅ የመጠየቅና የመቆጣጠር መብት ያለው የጉዳዩ ባለቤት ነው ማለት ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ አጣዳፊ ያደረገው በየመንገዱ ምሰሶ፣ በየአደባባዩና በየሕንፃው መግቢያ እየተተከለ ያለው የደኅንነት ካሜራ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ ለማድረግ እንወዳለን። ካሜራን በጅምላ ከሚያወግዙት ወገኖች ጋር አንሰለፍም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ በጨለማ ወደ ቤቷ የምትጓዝ ሠራተኛ፣ ሱቁ በሌሊት የተሰበረበት ነጋዴ፣ ልጁን መኪና ገጭቶበት ያመለጠ አባት ካሜራ ቢኖር ኖሮ ብለው ቢመኙ ምኞታቸው ተገቢ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው ካሜራ በተተከለበት ሌባ አይደርስም የሚል የዋህ እምነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካሜራ ሁሉ ስለላ ነው የሚል ጭፍን ጥርጣሬ ነው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም የጋራ ስሕተት አላቸው፤ ይኸውም መሣሪያውን ከያዘው እጅ ነጥለው መመልከታቸው ነው። መሣሪያ በራሱ ወገን የለውም። ወገን የሚኖረው የሚያዝዘው፣ የሚመለከተውና የሚጠየቅበት አካል ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ይህን በተጨባጭ ለመረዳት የአካባቢ ምክር ቤቶች ካሜራን ከሁሉ ቀድመው በስፋት ከተከሉባቸው አገሮች አንዷ የሆነችውን የእንግሊዝን ተሞክሮ መመርመር ጠቃሚ ነው። በዚያች አገር የመንገድ ካሜራ በአብዛኛው የፖሊስ ንብረት አይደለም። የሚተክለው፣ የሚያስጠግነውና የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፍለው ነዋሪው የመረጠው የከተማው ምክር ቤት ነው። ኪንግስ ሊን የተባለችው አነስተኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1987 ካሜራዎቿን ስትተክል ነገሩ እንደ ልዩ ሙከራ ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ምክር ቤት ከምክር ቤት እየተፎካከረ ሥራው ተስፋፋ። ማዕከላዊው መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 ድረስ ብቻ 170 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ከ680 የሚበልጡ የካሜራ ፕሮጀክቶችን ደገፈ። ለአንድ የምክር ቤት አባል ካሜራ ለመራጩ በጣት የሚያሳዩት ሥራ ነው፤ ምሰሶው ይታያል፣ ሪባኑ ይቆረጣል። በማግስቱ ማን ምን እንደሚመለከት ግን የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

ጥያቄው በግልጽ የተነሣው በለንደን ምሥራቅ በምትገኘው በብሬንትውድ ከተማ በደረሰ አንድ ድርጊት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 አንድ በሕይወቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው በሌሊት ቢላዋ ይዞ በዋናው መንገድ ላይ ሲሄድ የምክር ቤቱ ካሜራ አየው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶች ደርሰው ቢላዋውን ከእጁ ወሰዱ፤ ሕክምና እንዲያገኝ አደረጉ፤ በኋላም ወደ ቤቱ አደረሱት። ሰውየው በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም፤ በምንም ወንጀል አልተከሰሰም። እስከዚህ ድረስ ካሜራው ምስጋና ይገባዋል። አንድን ዜጋ ከሞት አፋፍ መልሷልና።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ምክር ቤቱ በካሜራው ስኬት ለመኩራራት ሲል የዚያን ሌሊት ሥዕሎች ለጋዜጦች፣ ፊልሙንም ለቴሌቪዥን ሰጠ። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ፊቱን በሚገባ ለመሸፈን እንኳ አልተጨነቁም። ጎረቤቶቹ፣ ወዳጆቹና ዘመዶቹ አወቁት። በሕይወቱ እጅግ ጨለማ የነበረችው ሰዓት የማስታወቂያ ዕቃ ሆነች። ሰውየው በአገሩ ፍርድ ቤት ቢከስ፣ ምክር ቤቱ ይህን ለማድረግ ሕጋዊ ሥልጣን ነበረው ተብሎ ተረታ። እርሱ ግን ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 በሰጠው ውሳኔ የግል ሕይወቱ የመከበር መብቱ መጣሱን፣ በአገሩም በቂ መፍትሔ አለማግኘቱን አረጋግጦ ለደረሰበት የሞራል ጉዳት 11,800 ዩሮ እንዲከፈለው ወሰነ።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሰውየው የነበረው በአደባባይ ነው፤ ማንም መንገደኛ ሊያየው ይችል ነበር። ታዲያ የግል ሕይወት የሚባለው ከየት መጣ? ፍርድ ቤቱ የመለሰው መልስ ቀላልና ጥልቅ ነው። መንገደኛ አይቶ ያልፋል። ካሜራ ግን ይቀዳል፤ የተቀዳው ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ተባዝቶ ሰውየው በዚያች ሌሊት ፈጽሞ ሊገምተው ለማይችለው ለብዙ ሺህ ዓይን ይደርሳል። በአደባባይ መታየትና ለአደባባይ መሰጠት አንድ አይደሉም።

የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ይህን ልዩነት ከማንም ፍርድ ቤት በፊት የሚያውቀው ለመሆኑ ገመና የሚለው ቃል ምስክር ነው። ገመና ወንጀል አይደለም። ገመና ሰው የሆነ ሁሉ ያለው፣ ያየው ጎረቤት ሊሸፍነው የሚገባ የኑሮ ውስጠኛ ክፍል ነው። በግድግዳ ተጠጋግቶ የሚኖር ጎረቤት የባልና የሚስቱን ጠብ ይሰማል፤ ዱቄት ያለቀበትን ቤት ያውቃል፤ ማን ታሞ ማን እንደሚያስታምመው ያያል። ይሁን እንጂ ያየውን ሁሉ አያወራም። የሚያወራውንም መንደሩ ይንቀዋል። ብሬንትውድ ላይ የጠፋው ካሜራው አይደለም፤ የጠፋው ይህ የጎረቤት ሥነ ምግባር ነው።

“የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ካሜራን ለምን ይፈራል?” የሚል ክርክር በየስብሰባው ሲነሣ እንሰማለን። ክርክሩ ሲያዳምጡት ጤናማ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ብድር ፍለጋ ወደ ዘመዱ ቤት የሚመላለስ፣ ያልተገለጸ በሽታውን ለመታከም ወደ ጤና ጣቢያ የሚገባ፣ ከአሠሪው ጋር ያለበትን ክርክር ይዞ ወደ ጠበቃ የሚሄድ፣ ማኅበር ለመመሥረት ከባልደረቦቹ ጋር ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሠራተኛ አንዳቸውም ሕግ አልጣሱም። ግን ሁሉም መንገዳቸውን ሌላ ሰው መዝግቦ እንዲይዝባቸው አይፈልጉም። ለዚህም ማንም ምክንያት ሊጠይቃቸው አይገባም።

ብሬንትውድ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር። የሁለት ሠፈር ሕዝብ ጉዳይ የሆነው የበርሚንግሃሙ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንድንቆይ አንባቢ ይፍቀድልን።

በርሚንግሃም በኢንዱስትሪ ሠራተኞቿ የታወቀች የእንግሊዝ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። በስፓርክብሩክና በዋሽውድ ሂዝ ሠፈሮች የሚኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከፓኪስታን ለሥራ የመጡ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የእነዚህ ሠፈሮች ነዋሪዎች በየመንገዱ መግቢያና መውጫ አዳዲስ ምሰሶዎች ሲቆሙ አዩ። ቢጠይቁ የመኪና ስርቆትን፣ የአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭንና ሥርዓት አልበኝነትን ለመከላከል ነው ተባሉ። ሥራውን የሚያካሂደው የከተማው ምክር ቤትና ፖሊስ በጋራ የሚሠሩበት አካል በመሆኑ መልሱን የተጠራጠረ ብዙ አልነበረም። ሌብነትና ሐሺሽ ያስመረረው ነዋሪ ጭራሹን ደስ ሊለውም ይችላል።

እውነቱ ሌላ ነበር። የካሜራዎቹ ብዛት 218 ሲሆን፣ ከእነዚህም 72ቱ ነዋሪው እንዳያያቸው ተሰውረው የሚተከሉ ነበሩ። አብዛኞቹ የተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥር የሚያነቡ ናቸው። አንድ መኪና ወደ ሠፈሩ ሲገባም ሆነ ከሠፈሩ ሲወጣ ሳይመዘገብ እንዳያልፍ ሠፈሮቹን ዙሪያቸውን የሚከብብ ቀለበት ነበር የታሰበው። ወጪው የተሸፈነው ለሌብነት መከላከያ ከተመደበ በጀት ሳይሆን፣ ለፀረ ሽብር ሥራ ከተመደበ ገንዘብ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጥቶ ነው። ዘጋርዲያን ጋዜጣ ነገሩን እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ይፋ ሲያደርገው ከነዋሪው ሌላ ከምክር ቤቱ አባላትም ብዙዎቹ ደነገጡ። ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች በገዛ ከተማቸው ስለሚተከለው መሣሪያ እውነተኛ ዓላማ ያወቁት ከጋዜጣ ነው።

ነዋሪው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስብሰባ ጠራ፤ ባለሥልጣኖችን ፊት ለፊት ጠየቀ፤ የመብት ተሟጋች ድርጅቶችም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እንደሚወስዱ አስጠነቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራዎቹ እንዳይሠሩ ታዘዘና በላስቲክ ከረጢት ተሸፈኑ። በየምሰሶው ጫፍ ላይ ከረጢት የተጠለቀበት ውድ መሣሪያ ማየት ለአላፊ አግዳሚው እንግዳ ትርኢት ሳይሆን አልቀረም። የሌላ ግዛት የፖሊስ ዋና አዛዥ የነበሩት ሣራ ቶርንተን ጉዳዩን እንዲመረምሩ ተሰየሙ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ ያቀረቡት ሪፖርት የማያሻማ ነበር። ሥራው ሲታቀድ ሕጉን ስለ ማክበር የታሰበበት ለመሆኑ የተገኘው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ለሕዝቡ የቀረበው ምክንያትም ዋናውን ዓላማ የሚሸፍን ነበር። በዚህም የተነሣ በፖሊስና በኅብረተሰቡ መካከል የነበረው እምነት ተጎድቷል። የአካባቢው ፖሊስ ዋና አዛዥ ክሪስ ሲምስ ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ካሜራዎቹም እ.ኤ.አ. በ2011 ከምሰሶዎቻቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሽብርተኝነትን መከላከል ሕገ ወጥ ዓላማ አይደለም። በርሚንግሃም የሚኖረው ሙስሊም ሠራተኛም ቦምብ እንዲፈነዳበት አይፈልግም። ጥፋቱ ያለው ዓላማውን በመደበቅና አንድን ሕዝብ በሙሉ እንደ ተጠርጣሪ በመክበብ ላይ ነው። የሠፈሩን ደኅንነት በሚገባ ሊጠብቅ የሚችለው የሠፈሩ ሰው ነው፤ ያየውን አደጋ ተነሥቶ የሚናገረው ግን የሚያምነው ሲኖር ነው። በ3 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው መሣሪያ ያፈረሰው ይህንኑ በገንዘብ የማይገዛ እምነት ነው። ፖሊስ በካሜራው ካገኘው ይልቅ በካሜራው ያጣው በዝቷል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ የአገሪቱ ሕግ አውጪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሕግ መሠረት በ2013 አሥራ ሁለት መመሪያዎችን የያዘ የካሜራ አጠቃቀም ደንብ ወጣ። በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ የአካባቢ ምክር ቤቶችና ፖሊሶች ከግምት ሊያስገቡት ይገባል። ከመመሪያዎቹም ካሜራ ለተለየና ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲተከል፣ በሰዎች የግል ሕይወት ላይ የሚያደርሰው ጫና እየተገመገመ እንዲሠራበት፣ ነዋሪው የሚጠይቅበትና አቤቱታ የሚያቀርብበት አድራሻ በግልጽ እንዲታወቅ የሚሉት ይገኙበታል። ደንቡ ጥርሱ ብዙ አይናከስም የሚሉ ተቺዎች አሉት፤ ትችታቸውም መሠረት አለው። ቢሆንም በርሚንግሃም ላይ የተጮኸው ጩኸት በከንቱ አልቀረም።

ሌላው መነሣት ያለበት ጥያቄ ካሜራው በእርግጥ ወንጀልን ይቀንሳል ወይ? የሚለው ነው። ይህ ከግል ሕይወት ጥያቄ ጋር ግንኙነት የሌለው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ነዋሪው ከገመናው ቆርሶ የሚሰጠው በምላሹ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነውና። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ግምገማ 13 የካሜራ ሥርዓቶችን ከአካባቢያቸው ጋር አነጻጽሮ ሲመረምር፣ በስድስቱ ወንጀል ቀንሶ ቢታይም ቅነሳው በስታቲስቲክስ ሚዛን የጸናው በሁለቱ ብቻ ነበር። ከሁለቱም በአንደኛው ሌሎች ምክንያቶች ለውጡን ሊያስረዱት እንደሚችሉ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የአርባ ዓመት ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ግምገማ ደግሞ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ያህል መቀነሱን፣ ውጤቱ ጎልቶ የታየውም በመኪና ማቆሚያ ስፍራዎች መሆኑን አሳይቷል። በድብድብና በአካል ጥቃት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት አልተገኘም። የሰከረና የተቆጣ ሰው ቀና ብሎ ምሰሶ አያይም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሌላ ግምገማ የመንገድ መብራት በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ወንጀል 21 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። መብራት ማንንም አይመዘግብም። መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት የማኅበር አባላት ይህን ቁጥር ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን፤ የተቃጠለ አምፑል ያላስቀየረ ማኅበር ካሜራ ለመግዛት ሲጣደፍ ያየንበት ጊዜ አለና።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ወደ ራሳችን እንመለስ። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር በዋና ዋና መንገዶች ካሜራዎች ተተክለዋል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበራትም ከነዋሪው በተሰበሰበ ገንዘብ በየብሎኩ መግቢያና በየደረጃው ካሜራ እያስገጠሙ ነው። በፋብሪካዎችና በመጋዘኖችም እንዲሁ። የሕጉ መሠረት በእጃችን አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ይህን መብት መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግን መሠረት በማድረግ ብቻ እንደሆነ ወስኗል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎች መረጃ ለተወሰነና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው መጠንም ሆነ ጊዜ በላይ እንዳይያዝ ያዝዛል። አፈጻጸሙን የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕግ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትሞ ስለ ተቀመጠ ብቻ ሥራ ላይ አይውልም። ሥራ ላይ የሚያውለው የሚጠይቅ ነዋሪ ነው።

የሠፈሩን የሌሊት ዘበኛ እናስብ። ስሙ ይታወቃል፤ የት እንደሚያድር ይታወቃል፤ ደመወዙ ከየቤቱ መዋጮ ይወጣል። ሲያንቀላፋ የሚገሥጸው፣ ከሌባ ጋር ቢሻረክ የሚያባርረው፣ የአንዱን ቤት ወሬ ለሌላው ቢያቀብል የሚያፍርበት ማኅበር አለው። ነዋሪው በሌሊት ሲያየው አይሸማቀቅም፤ እንደምን አመሸህ ብሎት ያልፋል። በካሜራው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ግን ማን ነው? ማን ቀጠረው? የቀዳውን በእጅ ስልኩ ገልብጦ ቢወስድ ማን ያውቅበታል? ጎረቤቱ ከማን ጋር እንደምትገባና እንደምትወጣ ለማየት ሲል ካሜራውን ወደ መስኮቷ ቢያዞር ማን ይመልሰዋል? የማኅበሩ ሊቀ መንበር የተከራከረውን አባል እንቅስቃሴ ለመከታተል ቢጠቀምበትስ? እነዚህ ጥያቄዎች ለዘበኛው መልስ ያላቸው ናቸው። ለካሜራውም መልስ እስኪኖራቸው ድረስ መጠየቅ አለባቸው።

ለሠራተኛው ይህ ጥያቄ በሥራ ቦታም ይጠብቀዋል። በመጋዘን በር ላይ ያለ ካሜራ ንብረት ይጠብቃል፤ ልብስ መለወጫ ክፍልና የሠራተኛ ማኅበር መሰብሰቢያ ፊት ለፊት ያለ ካሜራ ግን ምን እንደሚጠብቅ አሠሪው ማስረዳት ይገባዋል። የሠራተኛ ማኅበራት የኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ከደመወዝና ከፈረቃ ጋር ይህንንም በጠረጴዛው ላይ ቢያኖሩት የሚነቅፋቸው አይኖርም።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው የካሜራን ጉዳይ በአጀንዳነት ይያዙ እንላለን። ያልተከሉ ከሆነ ምን ዓይነት አደጋ ለመከላከል እንደሚተክሉ አስቀድመው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ። የተከሉ ከሆነ የካሜራው ዓይን ከጋራው መተላለፊያ አልፎ ወደ ማንም ቤት በርና መስኮት እንዳይገባ በባለሙያ ያስፈትሹ። ምስሉ ለስንት ቀን ተይዞ እንደሚጠፋ ይወስኑ። ካሜራ መኖሩንና ማን እንደሚጠየቅበት የሚገልጽ ጽሑፍ ሁሉም በሚያነበው ስፍራ ይለጥፉ። ወረዳውና ክፍለ ከተማው በመንገዶቻቸው ላይ ስለተከሉትም ይህንኑ ማብራሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ። በተለይ ግን አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የተቀዳውን ማን፣ በምን ቀን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ፈቃድ እንዳየው የሚጻፍበት። ገንዘብ ያዡ የመዋጮውን ሒሳብ ለጉባኤው በሚያቀርብበት ዕለት ይህም መዝገብ አብሮ ተነብቦ ከአባላቱ ጥያቄ ይቅረብበት።